አላን ቱሪንግ፦ አንዱ ማሽን ሌላውን መሆን እንደሚችል ያሳየው ሰው

ዛሬ የምንተርክላችሁ የእንግሊዛዊውን የሂሳብ ሊቅ የአላን ማቲሰን ቱሪንግን ሕይወት ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመንን የምስጢር መልእክቶች ከፈቱት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው፤ ፊልምም ተሠርቶለታል። የጦርነቱን ታሪክ አንዘለውም። ነገር ግን ከጦርነቱ በፊት፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ያፈለቀው አንድ ሐሳብ አለ። ለአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር የተሠራ ፕሮግራም ፈጽሞ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ብታዩ፣ ወይም ልጆቻችሁ ከ30 ዓመት በፊት የወጣ የቪዲዮ ጨዋታ በስልካቸው ሲጫወቱ ብታገኙ፣ ሥሩ ያ ሐሳብ ነው። እኛም ሕይወቱን በዚህ በኩል ይዘን እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ የተወለደው ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ ጁሊየስ በብሪታንያ ትገዛ በነበረችው በሕንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። እናቱ ሳራ ደግሞ የማድራስ ባቡር ሐዲድ ዋና መሐንዲስ ልጅ ነበሩ። ወላጆቹ በሕንድና በእንግሊዝ መካከል ሲመላለሱ አላንና ታላቅ ወንድሙ ጆን በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ በአንድ ጡረታ በወጡ የጦር መኮንንና በባለቤታቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ከወላጅ ተለይቶ ማደግ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ መካከል ብዙ ሰው ያውቀዋል። በሕንድ ለሚያገለግሉ እንግሊዛውያን ልጆች ግን የተለመደ ኑሮ ነበር።

በ13 ዓመቱ ሸርበርን ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት በሚጀመርበት ዕለት፣ በሜይ 1926፣ በመላ አገሪቱ የሥራ ማቆም አድማ ተመትቶ ባቡር አልነበረም። ልጁ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ብስክሌቱን ይዞ ተነሣ፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት በእንግዳ ማረፊያ አድሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ብቻውን ጋልቦ ደረሰ። አስተማሪዎቹ ግን ብዙም አልወደዱትም። የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ፣ ደብተሩ በቀለም የተጨማለቀ፣ የሚወደውን ሂሳብ እንጂ ላቲኑን የማያጠና ልጅ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል ጓደኛ አገኘ። ሁለቱን ያገናኛቸው ሂሳብና የከዋክብት ጥናት ነበር። ክሪስቶፈር በፌብሩዋሪ 1930 በሳንባ ነቀርሳ በድንገት ሞተ፤ በሽታው በልጅነቱ ከጠጣው የላም ወተት የያዘው ነበር። ቱሪንግ ኀዘኑን ለብዙ ዓመታት ተሸክሞታል፤ ለሟቹ እናትም ደብዳቤ መጻፉን አላቋረጠም። የጓደኛው አእምሮ ከሥጋው ጋር ጠፍቷል ወይስ የሆነ ቦታ አለ የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ያዘው። አእምሮ ምንድን ነው፣ ግዑዝ ነገርስ ሊያስብ ይችላል ወይ ብሎ ዕድሜ ልኩን የጠየቀ ሰው የጀመረው ከዚህ ኀዘን ይመስለናል።

በ1931 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፤ በ1935 ገና በ22 ዓመቱ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት የማክስ ኒውማንን ትምህርት ተከታተለ። ኒውማን አባታቸው ከጀርመን የፈለሱ አይሁዳዊ ነበሩ፤ የቤተሰቡ ስም ኖይማን የነበረውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ እንግሊዝኛ አጠራር የቀየሩት ናቸው። ከእሳቸው አንደበት ቱሪንግ የታላቁን ጀርመናዊ የዴቪድ ሂልበርትን ጥያቄ ሰማ። ጥያቄው፣ የትኛውም የሂሳብ አባባል ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን ያለ ብልሃት፣ ደንብ ብቻ በመከተል የሚለይ ዘዴ አለ ወይ የሚል ነበር።

ቱሪንግ ወደ ጥያቄው የገባው ማንም ባልሄደበት በር ነው። ደንብ ብቻ መከተል ማለት ራሱ ምን ማለት ነው ብሎ ጀመረ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሰው የሥራ መጠሪያ ነበር፤ ቢሮ ተቀምጦ በእርሳስና በወረቀት የሚያሰላ ሠራተኛ ማለት ነው። ቱሪንግ ይህን ሠራተኛ በዓይነ ኅሊናው አስቀምጦ አላስፈላጊውን ሁሉ አራገፈ። የቀረው በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ረጅም ጥብጣብ፣ በአንድ ጊዜ አንዱን ምልክት የሚያነብ ዓይን፣ እና አንድ የደንብ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ይህን ምልክት ካየህ ይህን ጻፍ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሂድ፣ ቀጥሎ ወደዚህኛው ደንብ እለፍ። ከዚህ በላይ ምንም የለም።

እስከዚህ ድረስ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ማሽን ያስፈልጋል። ወፍጮ ይፈጫል እንጂ አይሸምንም። ቱሪንግ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የማሽኑ የደንብ ሰንጠረዥ ራሱ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ጥብጣቡ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ የማንኛውንም ማሽን ሰንጠረዥ ከጥብጣቡ እያነበበ ያ ማሽን የሚያደርገውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚያደርግ አንድ ማሽን ሊሠራ ይችላል። ሁሉን አቀፍ ማሽን አለው። ዛሬ ፕሮግራም የምንለው ነገር፣ አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን ሲመስል ኢሙሌተር የምንለውም ነገር፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ። ጽሑፉ በ1936 ለንደን ለሚገኘው የሂሳብ ማኅበር ቀረበ።

በዚያው ጽሑፍ ሁለተኛ ግኝት ነበር፤ ለሂልበርት ጥያቄም የተሰጠው መልስ ይኸው ነው፣ የለም የሚል። ቱሪንግ የማንኛውንም ማሽን ሰንጠረዥ አይቶ፣ ሳያስኬደው፣ ወደፊት ምን እንደሚያደርግ ሁልጊዜ በትክክል የሚናገር ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ እዚያው መልስ ላይ ጥቂት ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሆኖም የቸርች መንገድ ሂሳብ ብቻ ነው፤ የቱሪንግ ግን ሊሠራ የሚችል ማሽን ይታይበታል። ይህን ሁለተኛ ግኝት ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

በሴፕቴምበር 1936 አሜሪካ ፕሪንስተን ሄዶ በ1938 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። እዚያ የነበረው የሃንጋሪ አይሁዳዊው ጆን ፎን ኖይማን ረዳቱ ሊያደርገው ቢጠይቀውም ቱሪንግ ወደ አገሩ መመለስን መረጠ። የፎን ኖይማን ስም ለእኛም ሩቅ አይደለም። በረሆቮት በቫይዝማን ተቋም በ1955 ሥራ የጀመረው ቫይዛክ፣ የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒዩተር፣ የተሠራው የእሱን የፕሪንስተን ንድፍ ተከትሎ ነው።

ከዚህ ዘመን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ የአይሁድ ልጆች ያለ ወላጆቻቸው ወደ እንግሊዝ ሲሸሹ፣ ቱሪንግና አንድ የካምብሪጅ ጓደኛው በ1939 መጀመሪያ ሃሪች ወደሚገኘው የስደተኞች መቀበያ ካምፕ ሄዱ። ቱሪንግ ከቪየና የመጣ አንድ ልጅ ኃላፊነት ወሰደ፤ ትምህርት ቤት እንዲገባም ረዳው። የኮሌጅ ደመወዙ ትንሽ ነበር።

ጦርነቱ በታወጀ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎች ወደተሰበሰቡበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ገባ። ጀርመኖች መልእክታቸውን የሚሰውሩት ኢኒግማ በሚባል የጽሕፈት መኪና በሚመስል ማሽን ነበር። ሊደረደርባቸው ከሚችሉት መንገዶች ብዛት ወደ 159 ቢሊዮን ቢሊዮን ይደርሳል፤ በየቀኑም ይቀያየራል። መጀመሪያ ደጁን የከፈቱት ፖላንዳውያን ናቸው። ማሪያን ሬየቭስኪና ሁለት ጓደኞቹ ከ1932 ጀምሮ ኢኒግማን ሲፈቱ ቆይተው፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጁላይ 1939፣ እውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረከቡ። ፊልሞቹ ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን አልሰጡም።

ቱሪንግ የነደፈውና ጎርደን ዌልችማን ያሻሻለው ቦምብ የተባለው ማሽን ለታሪካችን ይጠቅመናል። ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ቁም ሣጥን ነበር፤ በፊቱ ላይ በረድፍ የሚሽከረከሩ ከበሮዎች አሉት። ሦስት ሦስት ከበሮ አንድ ኢኒግማ ይሆናል፤ በተለመደው ቦምብ ውስጥ 36 ኢኒግማዎች አብረው ይዞራሉ። አንድ እንግሊዛዊ ማሽን 36 የጀርመን ማሽን ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ትክክለኛው አደራደር ከተገኘ በኋላ ደግሞ ታይፔክስ የተባለው የእንግሊዞች የራሳቸው የምስጢር መጻፊያ ተለውጦ እንደ ኢኒግማ እንዲሠራ ተደርጎ መልእክቱን በተራ ጀርመንኛ ይጽፈው ነበር። ሁሉን አቀፍ ማሽን አልነበሩም፤ ከኢኒግማ ሌላ ምንም መሆን አይችሉም። ያም ሆኖ የመርከቦች ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ማስመሰል ላይ ነበር። የቱሪንግ ክፍል፣ ጎጆ ስምንት የሚባለው፣ የጀርመን ባሕር ኃይልን መልእክት የሚፈታ ነበር፤ በአትላንቲክ ላይ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱት መርከቦች ከሰርጓጅ ጀልባዎች እንዲሸሹ ያደርግ የነበረው እሱ ነው።

ሰውየው ለየት ያለ ነበር። የአበባ ብናኝ ስለሚያስነጥሰው በጋዝ መከላከያ ጭንብል ብስክሌት ይጋልባል። የሻይ ኩባያውን እንዳይወስዱበት ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር በሰንሰለት ያስር ነበር። ጀርመን ከወረረች ገንዘብ ዋጋ ያጣል ብሎ የብር ጡቦች ገዝቶ ጫካ ቀበረ፤ በኋላ ቦታው ጠፍቶት ሳያገኘው ቀረ። ሯጭም ነበር፤ በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ጨርሷል። ለአንድ የሂሳብ ሊቅ ቀርቶ ለስፖርተኛም የሚያኮራ ሰዓት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1945፣ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ኤሲኢ የተባለ ኮምፒዩተር ነደፈ። አሁን ሁሉን አቀፍ ማሽኑ በወረቀት ላይ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ሊሠራ ነው። ሌሎች አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር አዲስ መሣሪያ ለመጨመር ሲያስቡ፣ እሱ መሣሪያው ቀላል ይሁን፣ የቀረውን ፕሮግራሙ ያድርገው የሚል አቋም ነበረው። በፌብሩዋሪ 1947 ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር ይህንኑ አስረዳ። የቢሮው አሠራር ግን ተንቀራፈፈ፤ ቱሪንግም ተሰላችቶ ሄደ። አነስ ተደርጎ የተሠራው ፓይለት ኤሲኢ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስኬደው በሜይ 1950 ነው።

እሱ በዚያን ጊዜ ማንችስተር ነበር። የቀድሞ መምህሩ ኒውማን ወደዚያ ጠርተውት በ1948 መጸው ሲደርስ፣ ፍሬዲ ዊሊያምስና ቶም ኪልበርን ያሠሩት ቤቢ የተባለ ትንሽ ማሽን ጁን 21 ቀን 1948 በማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አስኬዶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተር ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ቱሪንግ ለተከታዩ ማሽን የተጠቃሚ መመሪያ ጻፈ። መመሪያው ሰውን ያስለቀሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ተጠቃሚው ቁጥሮችን በ32 መሠረት፣ ያውም ከኋላ ወደፊት ተጽፈው፣ እንዲያነብ ይጠብቅበት ነበር። ለእሱ ቀላል የሆነው ለሁሉም ቀላል ይመስለው ነበር።

ከጓደኛው ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራምም ነድፎ ነበር፤ ግን ሊያስኬደው የሚችል ኮምፒዩተር አልነበረም። ስለዚህ በ1952 ራሱ ኮምፒዩተር ሆነ። ደንቡን ወረቀት ላይ ይዞ፣ የራሱን ፍላጎት ወደ ጎን ትቶ፣ ደንቡ ያለውን ብቻ እየተከተለ ተጫወተ። አንዱ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ፕሮግራሙም ተሸነፈ። ያሸነፈው አሊክ ግሌኒ የተባለ ወጣት ነው። ይኸው ግሌኒ በዚያው ዓመት ሰው በቀላሉ የሚጽፈውን ትእዛዝ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉም ኦቶኮድ የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተርጓሚ ፕሮግራሞች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ትርጉም የሚለውን እንመልከት። ቄሶቻችን በስግድ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያም ሕዝቡ እንዲገባው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማሉ። አንድ ኮምፒዩተር የሌላውን ፕሮግራም ሲያስኬድም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ፕሮሰሰር የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ አለው፤ የሌላውን አያውቅም። ቀላሉ መንገድ አንድ ትእዛዝ ማንበብ፣ መተርጎም፣ መፈጸም፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። የቱሪንግ ሁሉን አቀፍ ማሽን ያደረገው ይህንን ነው። ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነው፤ ለአንዱ ትእዛዝ አሥርና ከዚያም በላይ ትእዛዝ ይወጣል። ፕሮግራም ደግሞ አንዱን አንቀጽ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግማል፤ ሚሊዮን ጊዜም እንደ አዲስ ይተረጎማል።

የተሻለው ዘዴ ሲያስኬዱ መተርጎም ነው። ተርጓሚው ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ቦታ እስከሚዘልበት ድረስ ያሉትን ትእዛዞች ባንድ ላይ ይወስዳል፤ ወደ አዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋ ገልብጦ ጽፎ ያስቀምጣል። ያ አንቀጽ ዳግመኛ ሲመጣ መተርጎም አያስፈልግም፣ የተቀመጠው ይነሣል። ብዙ የተደጋገመውን አንቀጽ እንደገና እያሻሻለ የሚጽፍም አለ። በዚህ ዘዴ ባዕድ ፕሮግራም ከቀድሞው ዘዴ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሮጣል።

ታዲያ ለምን ሙሉውን አስቀድሞ ተርጉሞ አይጨርስም? ያዙልን ያልነው ሁለተኛው የቱሪንግ ግኝት እዚህ ይገባል። ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነበብም። ወደ የትኛው ገጽ እንደሚዘል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አስልቶ ሲደርስበት ነው። ትእዛዙም፣ ሥዕሉም፣ ቁጥሩም በማኅደሩ ውስጥ ተመሳሳይ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ በማየት ብቻ አይለይም። የራሱን ትእዛዝ እየፋቀ አዲስ የሚጽፍ ፕሮግራምም አለ፤ እንዲህ ሲያደርግ ተርጓሚው ነቅቶ አሮጌውን ትርጉም መጣል አለበት። ለሁሉም ፕሮግራም ይህን ሁሉ ሳያስኬዱ ቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል በ1936 ተረጋግጧል። ስለዚህ ተርጓሚው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጓዛል።

የሚገርመው ይህን ዘዴ ወደ ብዙ ሰው ቤት ካስገቡት አንዱ ከማንችስተር ነው የወጣው። ትራንዚቲቭ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ምርምር ነው። አፕል በ2005 ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚዛወር ሲያስታውቅ፣ የቆዩት ፕሮግራሞች በአዲሶቹ ማክ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠሩ ያደረገው ሮዜታ የትራንዚቲቭ ሥራ ነበር። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፓወርፒሲው ቁጥርን ከትልቁ ጫፍ ጀምሮ ሲያስቀምጥ ኢንቴል ከትንሹ ጫፍ ይጀምራል፤ አማርኛን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራይስጥን ከቀኝ ወደ ግራ ስናነብ እንደሚያጋጥመን ማለት ነው፤ ተርጓሚው በየመስመሩ ይህን ሲገለብጥ ይኖራል። በ2011 አፕል ሮዜታን ከአዲሱ ሥርዓቱ ሲያወጣው ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች በአንድ ቀን ዝም አሉ። በ2020 ኩባንያው ከኢንቴል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ሲዛወር ሁለተኛ ሮዜታ አመጣ፤ ይህኛው የሚቻለውን አስቀድሞ ይተረጉማል፣ የቀረውን ሲያስኬድ።

በነፃ የሚገኘው ኪውኤሙ የተባለው ኢሙሌተር ከ2003 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ከእሱ ጋር ተጣምሮ በዓለም ዙሪያ ባሉ ትልልቅ ሰርቨሮች የሚያገለግለው ኬቪኤም ደግሞ የተጀመረው እዚሁ እስራኤል፣ ኩምራኔት በተባለ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውን በ2008 ሬድ ሃት ገዛው።

ለቤታችንም የሚሆን ጉዳይ አለው። በ1990ዎቹ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ በተሠራ ፕሮግራምና ፊደል ነበር፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዚያን ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ወይም የቤተሰብ ታሪክ በዛሬ ኮምፒዩተር ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ፋይሉ አልጠፋም፤ የጠፋው አንባቢው ፕሮግራም ነው። አሮጌው ፕሮግራም ከተገኘ፣ የዶስ ዘመን ከሆነ ዶስቦክስ በሚባል ነፃ ኢሙሌተር ብዙ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ዲስኬት ያላችሁ፣ የአማርኛ መጻፊያውም ዲስኬት ካለ፣ አትጣሉት።

ወደ ቱሪንግ እንመለስ። በ1950 ማይንድ በተባለ የፍልስፍና መጽሔት ላይ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አነሣ። በጽሑፍ ብቻ ሲነጋገሩ ሰውና ማሽኑን መለየት ካልተቻለስ ብሎ የጠየቀበት ጽሑፍ ነው። እዚያም ሁሉን አቀፍ ማሽኑን ዋና ምሰሶ አድርጎታል፤ አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን መሆን ከቻለ፣ የትኛው ማሽን ያስባል ብሎ ማማረጥ አያስፈልግም። በ1951 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1952 ደግሞ የእንስሳት ቆዳ ላይ ነጠብጣብና ዥጉርጉር እንዴት እንደሚፈጠር በሂሳብ አስረዳ፤ ይህም ዛሬ ድረስ በባዮሎጂ ይጠናል።

በጃንዋሪ 1952 ቤቱ ተዘረፈ። ለፖሊስ አመለከተ። ምርመራው ሲቀጥል ከአንድ ወጣት ወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሳይደብቅ ተናገረ። በ1885 በወጣው ሕግ ይህ ወንጀል ነበር። የተዘረፈው ሰው ተከሳሽ ሆነ። በማርች መጨረሻ ጥፋተኛ ተብሎ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተደረገ፣ እስር ወይም የገደብ ቅጣት ከሆርሞን ሕክምና ጋር። ሁለተኛውን መረጠ። ለአንድ ዓመት የሴት ሆርሞን ተሰጠው፤ ሰውነቱም ተለወጠ። ከጦርነቱ በኋላም በምስጢር ጽሑፍ ሥራ ያማክር ነበር፤ ያ ፈቃድ ተነጠቀ። ለአገሩ ምን እንዳደረገ ለዳኛው መናገር አይችልም ነበር፤ ምስጢር ነው።

ጁን 8 ቀን 1954 የቤት ሠራተኛው ዊልምስሎ በሚገኘው ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ አገኘችው። የሞተው በዋዜማው ነው፤ 41 ዓመቱ ነበር። የገደለው ሲያናይድ የተባለው መርዝ ነው። አጠገቡ ተገምጦ የቀረ ፖም ነበር፤ ፖሙ ግን መርዝ እንዳለበት አልተመረመረም። መርማሪው ራሱን ገደለ ብሎ ወሰነ። እናቱ ይህን ፈጽሞ አልተቀበሉም፤ ልጃቸው ቤቱ ውስጥ ሲያናይድ እየተጠቀመ ብረት በወርቅ የመለበጥ ሙከራ ያደርግ ስለነበር በአደጋ ነው የሞተው ብለው እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር። በ1959 የልጃቸውን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው ሲያወጡም በጦርነቱ የሠራውን በዝርዝር መጻፍ አልቻሉም። የብሌችሊ ሥራ ለሕዝብ መገለጥ የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።

ከ1966 ጀምሮ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት በስሙ ይሰጣል። ከእስራኤል ሚካኤል ራቢን በ1976፣ አሚር ፕኑኤሊ በ1996፣ አዲ ሻሚር በ2002፣ ሻፊ ጎልድቫሰር በ2012 ተሸልመዋል። በ2009 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በዲሴምበር 2013 ንግሥት ኤልሳቤጥ ምሕረት ሰጡ፤ በ2017 ደግሞ በዚያው ሕግ ለተቀጡ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎች ምሕረቱ ተዘረጋ። በ2021፣ በልደቱ ቀን ጁን 23፣ ምስሉ ያለበት የ50 ፓውንድ ኖት ወጣ።

ፓይለት ኤሲኢ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ቆሟል። የማንችስተሩ ቤቢ ግን በጊዜው ተፈታትቶ ጠፍቷል። በ1998፣ ሃምሳኛ ዓመቱ ሲከበር፣ በዚያው ንድፍ እንደገና ተሠርቶ በከተማው ሙዚየም ይታያል። ማንችስተር ድረስ መሄድ ለማይችል ደግሞ ቤቢን የሚመስሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታሉ፤ የ1948ቱም ፕሮግራም በውስጣቸው ይሠራል።